የፉርጎ ግራሶ

ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የፉርጎዎቹን የመንኮራኩር ኩሽኔታ ግራሶ የሚቀባው ሰውዬ፣ ዛሬም የኩሽኔታውን ክዳን ሲከፍት ትናንት የሞላው ግራሶ ሙልጭ ተደርጎ ተጠርጎ አገኘው። አክ ብሎ ተፋ። እሱ ራሱ በነካው ቁጥር የሚጸየፈውን፣ አይጥ የሞተበት ጉድጓድ የሚሸተውን ጥቁር ዝቃጭ ማን ይሰርቃል?

«ፉርጎው ያለ ግራሶ ሄዶ ኩሽኔታው ቢነድ፣ አንተን ነው የማባርረው!» አለው አለቃው።

ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ያው ግማት ተቀበለው። መጀመሪያ የገዛ እጁን አሸተተ። ካልጋ መውረድ አቅቷቸው የነበሩት እናቱ ያለ ምርኩዝ ቆመው ወጥ ያማስላሉ፤ ጉልበታቸው በጥቁር ቅባት ያብለጨልጫል።

«ወጌሻው ነው ያመጣልኝ» አሉት ጉልበታቸውን እያሹ። «‹ባቡር ያስኬደ እርስዎን ያቅተዋል?› ብሎኝ ነበር። ይኸው ሄድኩልህ ልጄ!»

እናቱ በዚያው እጃቸው እንጀራ ጠቅልለው ዘረጉለት።

«በሞቴ!»

አፉን ከፈተ።