ያለ ሕመም የተሞላ ጥርስ

ፀጉር አስተካካዩ መርፌ ሲያይ ይሸሻል። እህቱ «ቀኑን ሙሉ የሰው አንገት ላይ ምላጭ ይዘህ እየዋልክ!» ብላ ሳቀችበት፤ ግን ራሷ ጥርስ ሐኪም ጋ ይዛው ሄደች።

«አይዞህ፣ ማደንዘዣ እሰጥህና በእንቅልፍ ልብህ ጥርስህን እሞላልሃለሁ፤ ምንም አይሰማህም» አለችው ሐኪሟ።

እውነትም ምንም አልተሰማውም። የቀሰቀሰው ጩኸት ነው። ከሐኪሟ ኋላ እየተንገዳገደ ወጣ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እህቱ ወንበሮቹን ገለባብጣ፣ ደም እየተፋች ወለሉ ላይ ትንፈራገጣለች። ሊይዟት የሚታገሉትን ሰዎች ፊት በጥፍሯ ቧጭራዋለች።

«ጥርሴን ሰረሰሩት! ነርቬን ነኩት!»

ሐኪሟ ተንበርክካ አፏን በግድ ፈልቅቃ አየች።

«ማነው የሞላልሽ?» አለች። «ይሄ እኮ አሁን የተሞላ ነው፤ ልክ እኔ ለወንድምሽ እንደሞላሁት።»

ወንድምየው ምላሱን ወደ መንጋጋው ላከ። የጥርሱ ቀዳዳ እንዳለ ነው።