የሶሬቲ ወንዝ

ወልደሰንበት ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ሶሬቲ በልጅነቷ ውሃ የቀዳችበት ወንዝ ይኸው ነበር፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከመንደሯ ሥር። "አንድ እሁድ ወስጄ አሳይሃለሁ" ስትለው፣ እሱ እሁድ እሁድም ሥራ ነበረበት። ዛሬ፣ ከቀበራት ከወራት በኋላ፣ ብቻውን መጣ።

ውሃው ከታች ይሰማል እንጂ አይታይም። ዙሪያውን ቃኘ፤ ሰው የለም። ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያልጠራውን ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠራ።

"ሶሬቲ!"

"አቤት!" አለች አንዲት ሴት ከገደሉ ሥር።

እንደምንም ተነሥቶ ወደ ታች ሲያይ፣ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ወጣት ሴት አንጋጣ ታየዋለች።

"እኔን ነው አባባ?"

"አይ፣ ባለቤቴን ነው። ስማችሁ አንድ ሆኖ ነው።"

"በዚህ አላለፈችም። ከመጣች ምን ልበላት?"

ሞታለች ሊል አፉን ከፈተ። ሴትዮዋ በእርጥብ እጇ ፀሐዩን ከዓይኗ ጋርዳ መልሱን ትጠብቃለች። "እግዜር ያጽናህ" ብሎት ከሚያልፍ ሰው በቀር፣ ስለ ሶሬቲ የጠየቀው አልነበረም።

"መጥቶ ነበር በያት" አላት።