ከአጥሩ ሥር የተረሳው ብሎኬት

ፍርክስ!

«ይሄም ተሰበረ» አለች ኢንጂነር ፌኔት።

ቡራዩ ባለው የአቶ ተረፈ ብሎኬት ማምረቻ ሃያ ሁለቱም ሠራተኛ ቆሞ ያያል።

ፌኔት የመጣችው ሱሉልታ ለሚሠራ ትምህርት ቤት ብሎኬት ልትመርጥ ነው። ይሄ ትእዛዝ ካመለጠ ማምረቻው ይዘጋል። ሁሉም ያውቃል።

ሦስተኛውን አነሳች። ከደረቷ ላይ ለቀቀችው...

ፍርክስ!

«አቶ ተረፈ፣ በዚህ ለሕፃናት ግድግዳ ላቁም?»

ተረፈ ላብ በላብ ሆነ። በልቡ «እመቤቴ አታሳፍሪኝ» እያለ ወደ አጥሩ ሮጠ። ከተረሳ ክምር አንዱን አንስቶ «እስቲ ይሄን!» አላት።

ለቀቀችው።

ድም!

አልተሰበረም። ደገመችው... አሁንም አልተሰበረም።

«ይሄኛውን ምን ብታደርጉት ነው?»

«ሲሚንቶው ያው፣ አሸዋው ያው፣ ማሽኑ ያው...» ራሱም ግራ ገባው።

ይሄኔ አሸዋ የምትነፋው ማሪቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ... ያ እኮ በኦቦ ዲሪርሳ ጊዜ የተሠራው ነው» አለች።

ኦቦ ዲሪርሳ የግቢው ዘበኛ ነበሩ። ከወር በፊት ያባረራቸው ተረፈ ነው። የታንከሩ ውሃ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅበት «ሽማግሌው ውሃዬን ለሰፈር እየሸጠ ነው» ብሎ ደመደመ። አንድ ቃል እንኳ ሳይጠይቃቸው...

«ዘበኛን ከብሎኬት ምን አገናኘው?»

«ጋሼ፣ ብሎኬት ሰባት ቀን ውሃ ካልጠጣ መች ይጠነክራል? እኛ ጠዋት አጠጥተን እንተወዋለን። ከሰዓትም፣ እሁድም፣ በዓልም የሚያጠጡት እሳቸው ነበሩ። ማንም አላዘዛቸውም።»

ተረፈ ዞሮ ታንከሩን አየ።

ውሃው አልተሸጠም... ብሎኬቱ ነው የጠጣው!

«ሦስት ሳምንት ብቻ ስጪኝ» ብሎ ፌኔትን ለመናት። መኪናውን አስነስቶ በሰበታ በኩል ኦቦ ዲሪርሳ ወዳሉበት ወደ ተጂ በረረ።

ሽማግሌውን እህታቸው ደጅ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«አካም ጅርቱ ኦቦ...» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ። ምነው ግን ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ በርህን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ከክላክስህ በቀር ምን ሰማሁ? አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»



ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሱ።

«በል ተነስ። ዛሬ ማን አጠጣው?»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ፌኔት ተመልሳ መጣች። ሠራተኛው ከበባት። ብሎኬቱን ከደረቷ ላይ ለቀቀችው...

ድም!

ማሪቱ እልል አለች።

ዛሬ ተረፈ ሱሉልታም ሁለተኛ ማምረቻ አለው። በሁለቱም ግቢ ሰኞ ሰኞ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛውን ሰብስቦ አንድ ነገር ይጠይቃል...

«እኔ የማላውቀው ምን እየሠራችሁልኝ ነው?»

በየሰኞው የሚሰማው አዲስ ነገር እስካሁን አላለቀም።

ወገኖቼ፣ ሰው ቀጥረህ የምታሠራ ከሆንክ ከመጠርጠርህ በፊት ጠይቅ። ያንተን ቤት እግዚአብሔር ያቆመው ስማቸውን በማትጠራቸው ሰዎች እጅ ይሆናል።

እናንተ በምትሠሩበት ቦታ ማንም ሳያዘው የጎደለውን የሚሞላው ማን ነው? ስሙን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ዛሬ እንኳ በስሙ ይመስገን 🙏