ለይልቃል የተዋጣ ስንዝር

ቁመት መዋዋስ ከተፈቀደ ወዲህ የትልልቅ ከተማ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ቁመት ይገዛሉ። የወረታው ቡድናችን ባለቤት አቶ ደርሰህ ግን ገንዘብ ማውጣት ያማቸዋል፤ ከየደጋፊው ስንዝር ስንዝር ሰብስበው ለተጫዋቻችን ለይልቃል ቀጠሉለት። ውሸት ከመሰላችሁ ባለቤቴን እናኑን ጠይቋት፤ ጠዋት በርበሬ ለማውረድ ጀሪካን ላይ ወጥታለች።

ዛሬ ከተሸነፍን ቡድኑ ይፈርሳል። ሜዳው መቀመጫ ስለሌለው ድሮም በአጥር ላይ ነበር የምናየው፤ አሁን ከአጥሩ በላይ የቀረው የአቶ ደርሰህ ራስ ብቻ ነው።

«በአንድ ነጥብ እየተመራን ነው! ይልቃል ስንዝር አነሰው!» አሉን።

«እርስዎ አላዋጡም እንዴ?» አለች እናኑ።

ሁላችንም ቀና ብለን አፈጠጥንባቸው። እያጉረመረሙ ሰጡና ከአጥሩ በታች ቀሩ። ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ማን አገባ? የሚያይልን ጠፋ!

ከዚያ የይልቃል ራስ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።