መምሬ መርስዔ ኃዘን ከመስኮቱ ሥር

ሲስተር ጌታነሽ በመሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ የምታስተምረውን ትምህርት የማይወደው ሰው ብዙ ነበር። ፊት ለፊት የነገሯት ግን የአውራጃው ጸሐፊ አቶ ቅጣው ብቻ ናቸው። እሳቸውም በጨዋ ደንብ፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነው የነገሯት።

ዘመኑ ዐሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓ.ም. ነው። ከጎንደር ለመስክ ልምምድ የተላኩ የጤና መኮንንነት ተማሪዎች እጇ ላይ ነበሩ። እርግዝናን፣ ማዋለድን፣ በመጨረሻም ወሊድን ማራራቅን ታስተምራቸዋለች። አቶ ቅጣውን ያስቀየማቸው ይኸው የመጨረሻው ነው።

ለተማሪ በክፍል ውስጥ ማስተማሩን ሕግ አይከለክልም አሏት። ሴቶችን በገበያ ወይም በደጀ ሰላም ለዚሁ ነገር ስትጠራ ከተገኘች ግን በሕግ የተከለከለ ነውና ራሳቸው እንደሚያስከስሷት አስጠነቀቋት።

«ሳልጠራቸው ቢመጡስ?» አለች።

አቶ ቅጣው ሳቁ። ሳቃቸው «ማን ሊመጣ!» የሚል መልስ ነበር።

ችግሩ ተማሪ ያለ ታካሚ አለመማሩ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት ተቆጣጣሪ እስከ ሆሳዕና አንዲት ሴት እንኳ ፈቅዳ ካልመጣች ይህ ትምህርት ከጣቢያው እንዲቀር ወስነው ሄደዋል። ተማሪዎቹም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያዩትን ብቻ ይዘው ወደየወረዳው ይበተናሉ። ሲስተር ጌታነሽ መጥራት አትችልም፤ ዝም ማለትም አልፈለገችም።

የዐቢይ ጾም እንደገባ መምሬ መርስዔ ኃዘን ከክፍሉ መስኮት ሥር ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ግማሹ ከተማ የንስሐ ልጃቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ፀሐይ ሊሞቁ የመጡ መሰለ። በማግስቱ አገሬው በጋራ ከሚጠብቀው የሣር ምድር፣ ከጓሳ የወረደው ጉም አገሩን ሸፍኖት ነበር፤ እሳቸው ግን የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው መጡ።

ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የዚሁ አገር የዘመሮ ልጅ የሆነው ወዳጆ፣ መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ።

«ተወው ይከፈት» አለች ሲስተር ጌታነሽ። «ከከሰሱኝ ያልኩትን በሙሉ ሰምተው ይክሰሱኝ።»

ሰሌዳውንም ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

ከመምሬ ጋር የቆየ ቂም ነበራት። ባለፈው ክረምት አማከለች የምትባል የልጆች እናት ሌላ ልትወልድ ስታምጥ ከነልጇ ሞተች። ፍትሐቱን ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ሲስተር ጌታነሽ መቃብሩ አጠገብ፣ እዚያው ሕዝቡ ፊት፣ ስለ ወሊድ ማራራቅ ልትናገር አፏን ስትከፍት መምሬ እጃቸውን አነሡና «እዚህ አይደለም» አሏት። ያቺን እጅ አልረሳቻትም።

ስለዚህ በዚያ ቀን ትምህርቷን የጀመረችው ወደ መስኮቱ ዞራ ነው።

«ወዳጆ፣ ጓሳን ለምንድን ነው የምትዘጉት?»

«ሳሩ እንዲያገግም ነዋ።»

«ሲከፈትስ?»

«ያው እንደ ልማዱ ይታጨዳል፤ እንዲያውም ይበረክታል።»

«ጓሳን መዝጋት ኃጢአት ነው ያለ ቄስ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ወዳጆ ሳል ያዘው።

በሌላ ቀን መምሬ ወዳጆን መንገድ ላይ አስቁመው ጠየቁት። እርግዝና እንዲዘገይ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ሲወጣ ሴትዮዋ ዳግመኛ ትወልዳለች ወይ? የሚያስገባውስ ወንድ ነው ሴት? ልጁ ፊቱ ገርጥቶ ተመለሰ፤ የዳኛ ምርመራ ነው አለ።

«ሂድና መልስላቸው» አለችው። «ትወልዳለች በላቸው። የማስገባውም እኔ ነኝ፤ ስሜን ከነአባቴ ንገራቸው፤ ክሱ ላይ እንዳይሳሳቱ።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ ያየችው ነገር ግን ትዕግሥቷን ጨረሰው። ሕፃን ያዘሉ ሁለት ሴቶች የጣቢያው በር ላይ ደርሰው ሲያመነቱ መምሬ ከድንጋያቸው ተነሥተው አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። ሴቶቹ መስቀል ተሳልመው ተመለሱ። ሲስተር ጌታነሽ ጠመኔውን እንደያዘች ወጣች።

«መምሬ፣ ሰው ከጤና ጣቢያ በር ይመለሳል?»

«ይመለሳል፣ ልጄ።»

«ምን አሏቸው?»

«እሱ በእኔና በእነሱ መካከል ነው።» ከዚያ በእርጋታ ጠየቋት፦ «ትምህርቱ መች ያልቃል?»

«አያልቅም። ተማሪዎቹ ቢሄዱ ለግድግዳው አስተምራለሁ። ለአቶ ቅጣውም እንደዚሁ ብለው ይንገሩልኝ።»

መምሬ ባናቸውን ሰበሰቡ። «እንግዲያው ነገም ድምፅሽን እንዳትቀንሺ። ጆሮዬ ደክሟል።»

ወዳጆ ይህን ሲሰማ፣ ሽማግሌው እያፌዙባት ነው ብሎ ማደሪያው እስኪደርስ በገነ። እሷ ግን በማግስቱ ከወትሮው አስበልጣ ጮኸች። የሉፑን አገባብና አወጣጥ፣ ጥቅሙንና ጉዳቱን፣ ለማን እንደማይሆን ሳይቀር ተናግራ ጨረሰች። መምሬም እስከ መጨረሻው ሰሙና ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በመስኮቱ አጠገብ አልታዩም።

ከተማው ሁሉ ክሱ ተጽፎ አልቋል አለ። የምትመጣ ሴት ጠፋች። ተማሪዎቹ ጓዛቸውን ማሰር ጀመሩ። ሲስተር ጌታነሽ ሰሌዳውን አላጠፋችም።

የሆሳዕና ዋዜማ ማለዳ አቶ ቅጣው ነገሩ መዘጋቱን ራሳቸው ሊነግሯት ወደ ጣቢያው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ማለፊያ አጡ። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል።

አቶ ቅጣው ፊታቸው ቀላ። ሲስተር ጌታነሽ ደረጃው ላይ ቆማ፣ እሷም እንደ እሳቸው ግራ ተጋብታ ታያቸዋለች።

«ማነው የጠራችሁ?» አሉ። «ስሙን ንገሩኝና ዛሬውኑ አስከስሰዋለሁ።»

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች፤ የገዛ ሚስታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ነበረች።

«የንስሐ አባታችን መምሬ መርስዔ ኃዘን ናቸው» አለች። «መስኮቱ ሥር ሰምቼ እስክጨርስ ቆዩ ብለው ሲመልሱን ከረሙ፤ ዘንድሮ ስግደቱን ትተው፣ ይኼን ነው ቀኖና የሰጡን።»