የበረንዳው ጉም

ሴትየዋ ሳምንቱን ሙሉ ላውንደሪ ቤት ካውያ ስትገፋ ትውላለች። እንፋሎት ፊቱን ሲገርፈው የሚውል ሰው ሙቀትን አምርሮ ይጠላል። እሁድ እሁድ አባቷን ልትጠይቅ ወንድሟ ቤት ስትሄድም ከሰላምታ በፊት የምትለው አንድ ነገር ነው።

"አባዬ፣ ሞቀህ?"

"አንቺ ስትመጪ ይቀዘቅዝልኛል" ይሏታል።

አባትየው ዕድሜያቸውን አውቶቡስ በመንዳት የጨረሱ ናቸው። ሳምባቸው ከደከመ ወዲህ ግን ውሏቸው በረንዳው ላይ፣ ሰፊው ወንበር ላይ ሆኗል። ወንድሟ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቀጫጭን ቧንቧ አስዘርግቶላቸዋል። ውሃው ከቧንቧው እንደ ጉም እየበነነ በረንዳውን ያቀዘቅዛል። ግቢውን ትንኝ ስለወረረውም ለእሱ መድኃኒት የሚረጭ ሌላ ቧንቧ አብሮ ተገጥሟል። ጉሙ መውረድ ሲጀምር አባትየው መሪ እንደጨበጠ ሰው እጃቸውን ዘርግተው "ዝናብ መጣ! መስኮት ዝጉ፣ ተሳፋሪዎች!" ይላሉ። ልጃቸው ቀልዱን እንደ አዲስ ትስቅላቸዋለች።

ሆዷ የሚሻክረው በወንድሟ ሚስት ነው።

ክፉ ቃል ተናግራት አታውቅም። ግን ዝምተኛ ናት፤ ዝምታዋ ደግሞ ነገር ያለበት ይመስላል። የትንኙን መድኃኒት ጓንት አጥልቃ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ ሰው ሳታስጠጋ ብቻዋን ነው የምትሞላው። እሁድ ሲሆን ደግሞ የባሏን እህት መምጣት ጠብቃ "እናቴን አይቻት ልምጣ" ብላ ትወጣለች።

አባትየው ከምሳ በኋላ ያንቀላፋሉ። ልጃቸው እግራቸው ላይ አንሶላ ጣል ታደርጋለች፤ ጉሙ ቆሞ ከሆነ ከወንበሩ ጀርባ ያለችውን መክፈቻ ትከፍትላቸዋለች፤ ግንባራቸውን ስማ፣ እንዳትቀሰቅሳቸው በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ትሄዳለች።

እያደር አባትየው ባሰባቸው። ሰኞ ሰኞ ስትደውል ሌሊቱን ሲስሉ ማደራቸውን ትሰማለች። "ትናንት በደህና ተለይቼው!" ትልና ትብሰከሰካለች። እሷ ዞር ስትል ነው የሚታመሙት። እሷ ዞር ስትል ደግሞ ማን እጅ ላይ እንደሚቀሩ ታውቃለች።

አንድ ቀን የወንድሟ ሚስት በር ላይ ያዘቻት።

"እትዬ፣ አይቀየሙኝና… እሁድ እሁድ በጣም ይደክማቸዋል። ምናልባት እንግዳ ሲኖር እንቅልፍ እያጡ ይሆን? በሌላ ቀን ቢመጡስ?"

"አባቴን ለማየት ያንቺን ፈቃድ ልጠይቅ?"

"ኧረ እትዬ! እንደሱ ማለቴ አይደለም።"

"ማለትሽስ ገብቶኛል።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥርሷን ነከሰችባት።

በአንዱ እሁድ ደግሞ ጃንጥላዋን ረስታ ከመንገድ ተመለሰች። የወንድሟ ሚስት ሳትታሰብ ከእናቷ ቤት ቀድማ መጥታለች። አባትየው እግር ሥር ተንበርክካ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ እየተጣደፈች ትጠርጋለች። አባትየው ትንፋሽ አጥሯቸው ከንፈራቸው ጠቁሯል። የባሏን እህት ስታይ እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች።

"ምን አደረግሽው?"

"መኪና ይጥሩ፣ እትዬ! ቶሎ!"

ሐኪሙ ብዙ አላወራም። "የትንኝ መድኃኒት ስበዋል። እንዲህ ያለ ሳምባ አይችለውም" አለ።

አባትየው ከሁሉ አስቀድመው ምራታቸውን ብቻዋን አስጠሩ። ልጃቸው በመስታወቱ አየቻቸው። እጇን ይዘው አንድ ነገር ይነግሯታል። እሷ ራሷን በእምቢታ ትወዘውዛለች። አባትየው እጇን አልለቀቁም። በመጨረሻ እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ በእሺታ ነቀነቀች።

"ይቅር በለኝ እያለችው ነው" አለች ልጅየው በልቧ።

ከዚያ እሷን አስገቧት። "የኔ እናት" አሏት በተቆራረጠ ድምፅ፣ "እንዳንቺ የሚሳሳልኝ ሰው የለም። ማንንም እንዳትጠይቂ። ማንንም።" የዚያኑ ዕለት ማታ አረፉ።

ከቀብር መልስ፣ ሰዉ ወጣ ወጣ ሲል፣ እህትየው ወንድሟ ፊት ቆመች።

"መድኃኒቱን የሚሞላው ማነው?" አለቻት ሚስቱን።

"እኔ ነኝ።"

"የዚያን ቀንስ የከፈተው?"

የወንድሟ ሚስት ባሏን አየችው። የባሏን እህት አየቻት። የለቅሶ ልብሷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ወንድምየው አልጮኸም። በሩን ከፍቶ ብቻ ቆመ። ሚስቱ አንዲት ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ የሸኛትም የለም። እህትየው በመስኮት እያየቻት ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አላላትም። ከአባቷ ሌላ ምንም አልታያት።

ወንድሟ ብቻውን እንዳይሆን ልብሷን ይዛ ወደ እሱ ቤት ገባች። ጠዋት ጠዋት ባዶውን ወንበር ትወለውላለች። ጉሙ በየሰዓቱ እየወረደ፣ እየቆመ፣ ሰው የሌለበትን በረንዳ ያቀዘቅዛል።

ከዕለታት በአንዱ ቧንቧ ገጣሚው መጣ። መሣሪያውን አንጠልጥሎ፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ ገና ከበሩ ይቅርታ ይለምናል።

"እመቤቴ፣ በጣም ዘገየሁብዎት። ያን ዕለት ከሐኪም ቤት ሆነው ሲደውሉልኝ ሥራው ቀፍድዶኝ ነበር። እንደዚያ እያለቀሱ ለምነውኝ አለመድረሴ ሲከነክነኝ ሰነበተ።"

እሷ የደወለችለት ነገር የለም። ይህን ልትነግረው አፏን ስትከፍት ሰውየው ወንበሩን አልፎ ከጀርባው ያለችውን መክፈቻ በመፍቻ መንቀል ጀምሯል።

"እሱን ለምን ትነቅለዋለህ? ማቀዝቀዣው አይደለም እንዴ?"

"ማቀዝቀዣውማ በራሱ ጊዜ ነው የሚከፈተውም የሚዘጋውም፤ የሰው እጅ አይፈልግም። ይቺ የትንኙ ናት፤ አንዴ ከተከፈተች መድኃኒቱን ረጭታ በራሷ ትዘጋለች፤ ግቢው ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት ብቻ ነው የምትከፈተው። እዚህ መገጠሟም ጥሩ አልነበረም፤ የማያውቅ ሰው ውሃ መስሎት ይከፍታታል።"

ሴትየዋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

ሰውየው ቀና ብሎ ወደ ቤቱ በር ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንዳሉኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም" አላት። "የባልዎ እህት እስካሁን አላወቁም አይደል?"