የሐሙስ ወንፈል

«ተቀበሉኝ!» ብሎ ምንተስኖት ላፕቶፑን እንደታቀፈ ከመደቡ ተነሣ። ማስተማሩን ትቶ ፕሮግራም መጻፍ ከጀመረ ወዲህ የመጀመሪያው መልካም ዜናው ነበር። ደጃፉ ላይ ማጭድ ይስሉ የነበሩት አባቱ «ቀጠሩህ?» አሉት።

«የለም አባባ፣ የተቀበሉኝ እርማቴን ነው፤ ያስተካከልኩት ፕሮግራም ለዓለም ሁሉ በነጻ የሚታደል ነው። የምንሠራውም በፈቃደኝነት፣ እየተጋገዝን ነው።»

አባቱ መሳሉን አቆሙ። «ወንፈል ነዋ! ምነው እስከ ዛሬ እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ! በል፣ አንተ ካገዝካቸው አሁን ተራው የኛ ነው፤ ገብሳችን ሐሙስ ይታጨዳል በላቸው።»

ሰዎቹ እንደነሱ የሞላሌ ሳይሆኑ የብራዚልና የህንድ መሆናቸውን ቢናገርም አባቱ አልሰሙትም። ለመገላገል ያህል የቡድኑ የኢንተርኔት መወያያ ላይ ጻፈው፤ ወዲያው ሦስት አውራ ጣቶች ብቅ አሉ።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አባቱ በትከሻው ላይ አጎንብሰው።

«እሺ ማለታቸው ነው» አለ፣ ማስረዳቱ ታክቶት።

አባቱ ወደ ጓዳ ዞረው ሚስታቸውን «ጌታነሽ፣ ጠላውን ለሦስት ሰው ጨምሪበት!» አሏቸው። ከዚያ ከጣሪያው ሥር የተሸጎጡ የዛጉ ማጭዶች አውርደው አንድ በአንድ ሳሉ። የመጨረሻውን ለልጃቸው አቀበሉት።

«አንተም እንዳትቀር፤ እንግዶቹ ፊት እንዳታዋርደኝ።»